ሰሙና ነጩ ወርቅ



ይህን ሣጥን ይዤ ስገባ ያያችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች «ምን ይዘህልን መጣህ?» ብላችሁኛል። ሁለት ፒፓ ነው። ሁለቱም ሲሠሩ ነጭ ነበሩ፤ ዛሬ ማር መስለዋል። ሁለቱም በሌላ ሰው እጅ አርጅተው ነው እኔ ዘንድ የደረሱት። ንግግሬን ስጨርስ በየረድፉ ይዞራሉ። እስከዚያው ክዳኑ አይከፈትም፤ ዓይናችሁ እነሱ ላይ ካረፈ እኔን የሚሰማኝ አይኖርም።

እኔና ትምባሆ ከተለያየን ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላን። ሐኪሙ ያለኝን እዚህ አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳምባዬ ጭሱን ቢጠላም እጄ ድንጋዩን መልቀቅ አልሆነለትም። ስለዚህ የዛሬው ወሬያችን ስለ ጭስ ሳይሆን ጭሱን ስለሚጠጣው ድንጋይ ነው፤ በተለይም ያገለገለ ፒፓ «እውነተኛ ነው» ተብሎ ሲቀርብላችሁ ምኑን ማየት እንዳለባችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድንጋዩ ሜርሻውም ይባላል። ቃሉ የጀርመን ነው፤ «የባሕር አረፋ» ማለት ነው። ከባሕር ግን አይወጣም። የማዕድን ሊቃውንት ሴፒዮላይት ይሉታል፤ በ1847 ይህን ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ኧርነስት ፍሪድሪክ ግሎከር ነው። ሴፒያ የተባለውን የባሕር እንስሳ ነጭና ቀላል አጥንት አስታውሶት ነው። በውስጡ ያለው ማግኒዚየም፣ ሲሊካና ውሃ ነው። እኛን ግን የሚጠቅመን ያለው ሳይሆን የሌለው ነገር ነው። ይህ ድንጋይ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ደርቆ ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከእነዚያ ቀዳዳዎች የሚመነጭ ነው።

ስመ ጥሩው የሚገኘው ቱርክ ውስጥ፣ በኤስኪሼሂር ከተማ ዙሪያ ነው። ቆፋሪዎች በጠባብ ጉድጓድ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ድንጋዩ በአፈርና በጠጠር መሃል እንደ ድንች እዚህም እዚያም ተቀብሮ ይጠብቃቸዋል። ከመሬት ሲወጣ እርጥብ ስለሆነ በቢላ እንደ ሳሙና ይቆረጣል። ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይቀልላል። ቱርኮቹ «ሉሌታሺ» ይሉታል፣ የፒፓ ድንጋይ ማለታቸው ነው፤ ሲያሞካሹት ደግሞ «ነጭ ወርቅ» ይሉታል። ቤያዛልትን የሚባል መንደር አላቸው፤ ትርጉሙ ይኸው ነጭ ወርቅ ነው።

ጠራቢው ቅርጹን ካወጣና ድንጋዩ ከደረቀ በኋላ የቀለጠ ሰም ውስጥ ይነክረዋል። ሰሙ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፣ ላዩም ያብረቀርቃል። እንግዲህ አስቡት፦ ነጭ ወርቅ፣ በሰም የተሸፈነ። ከአንጥረኛ ቤትና ከቅኔ ቤት ውጪ ሰምና ወርቅ እንዲህ ቃል በቃል ሲገናኙ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ችግራችንም እንደ ቅኔው ነው። ሻጩ የሚያሳየን ሰሙን ነው፤ የምንከፍለው ለወርቁ ነው።

ድንጋዩ የሩቅ አገር እንግዳ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በኬንያና በታንዛኒያ ድንበር፣ በአምቦሴሊ አካባቢ ይገኛል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አሩሻ ውስጥ ፒፓ ይሠራበት ነበር፤ ዝሆን የተቀረጸባቸውን የ«ኪኮ» ፒፓዎች ያገኛችሁ ትኖራላችሁ። ከዚያም ይቀርባል፦ በመካከለኛው ሶማሊያ፣ በኤል ቡር፣ ይኸው ማዕድን ተጠርቦ የዕጣን ማጤሻ ይሆናል። ሶማሌ ወዳጅ ያላችሁ ዳብቃዱን ታውቁታላችሁ፤ ያ ነጭ፣ ሲያነሡት እጅን የሚያታልል ቀላል ድንጋይ የፒፓችን የሥጋ ዘመድ ነው። የአምቦሴሊው ግን ከቱርኩ ጠንከርና ከበድ ይላል፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ ያደላል። ስለዚህ «ከበደኝ፣ ውሸት ነው» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

አሁን ወደ ገዛ ሞኝነቴ ልሂድ። ከዓመታት በፊት ኢስታንቡል ላይ አንድ ቀን ሙሉ አውሮፕላን እጠብቅ ነበር። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ሻይ አቀረበልኝ፤ ሻይ ስትጠጡለት ደግሞ ግማሹን ዋጋ እንደከፈላችሁ ቁጠሩት። ጥምጣም የጠመጠመ የሱልጣን ራስ ያለበት ፒፓ ከከፋይ ጨርቅ ፈቶ አወጣ። «መቶ ዓመት አለፈው» አለኝ። ጢሙ ጠጉር በጠጉር ተለይቶ ይታያል፤ ከግራው የጢም ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ስባሪ ጎድላለች። እውነት እላችኋለሁ፣ ያሸነፈችኝ ያቺ ስባሪ ናት። አዲስ ዕቃ አይሰበርም፣ ይህ ዕድሜ ነው ብዬ ለራሴ መሰከርኩለት። ከፈልኩ።

ሁለት መንገድ ተሻግሬ ሌላ መስኮት ላይ ያንኑ ሱልጣን አየሁት። ያው ጥምጣም፣ ያው ፊት። ጠጋ ብዬ ሳየው ከግራው የጢም ጫፍ ላይ ያቺው የሩዝ ፍሬ የምታክል ስባሪ ጎድላለች። ከእጄ ያለውን አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳዞረው ከጆሮው ኋላ ተነሥታ በአንገቱ ቁልቁል የምትወርድ ፀጉር የመሰለች ቀጥ ያለች መስመር አገኘሁ። ፕላስቲክ ነው። አንድ እውነተኛ ፒፓ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ነበር፤ ከእሱ ፎርማ ተወሰደ፤ ከፎርማው የወጡት ሁሉ ስብራቱን ወርሰውታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱን አላይም። የፒፓ ፊት ለገበያ የተሠራ ነው። የማየው ጠራቢው ሰው አያየውም ብሎ የተወውን ቦታ ነው፤ ከጢሙ ሥር፣ ከጥምጣሙ እጥፋት ውስጥ፣ ከጆሮው ኋላ። የእጅ ሥራ ከሆነ እዚያ የቢላዋ ጫፍ የጫረው፣ የሳተው፣ ተመልሶ ያረመው ይገኛል። ፎርማ ከሆነ እጥፋቱ ሁሉ እንደቀለጠ ቅቤ ድብልብል ብሎ ይቀራል፤ አንዳንድ ቦታም የአየር አረፋ የተወው ክብ ጉድጓድ ታያላችሁ። አጉሊ መነፅር ከኪሳችሁ አይጥፋ።

ስለ ምላስ ሳልነግራችሁ ብቀር ቅር ትሰኛላችሁ። ፈተናው የቆየና የታወቀ ነው። ሰም ያልነካው ሜርሻውም ምላስ ላይ ሲነካ እርጥበቱን ስቦ ይጣበቃል። እውነት ነው፣ ይጣበቃል። ግን ሰም የጠጣው የፒፓው ውጫዊ ገጽ አይጣበቅም፤ ስለዚህ «ላስኩት፣ አልያዘኝም» ብሎ እውነተኛውን የጣለ ብዙ ነው። ደግሞ ጀሶም ይጣበቃል፣ ሸክላም ይጣበቃል። ጥፍርም እንዲሁ ነው። ሜርሻውም ለስላሳ ስለሆነ ጥፍር ይጭረዋል ይባላል፤ ጀሶንም ይጭረዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ክብደት ነው፤ ጀሶው መዳፍ ላይ ይከብዳል፣ ሜርሻውሙ ግን ካሰባችሁት በታች ስለሚቀልል እጃችሁ ሳታስቡት ወደ ላይ ትነሣለች። እኔ ደግሞ ማን እንዳጨሰበት የማላውቀውን ፒፓ አልልስም። መምጠጫውን ነቅዬ ከአንገቱ ጫፍ፣ ሰም ብዙ ከማይደርስበት ቦታ፣ ረጠብ ያለ የጣት ጫፍ አስነካለሁ። ጠጣ ካለው ይበቃኛል። በጋለ መርፌ የሚወጉም አሉ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል፣ ይሸታል። ያልከፈላችሁበትን ዕቃ ከወጋችሁት ግን ከፍላችሁታል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማምነው ቀለሙን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የነገሩ ልብ ይኸው ነው።

ሰው ሲያጨስ ከትምባሆው የሚወጣው እርጥበትና ዝፍት ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ሙቀቱም ሰሙን ያንቀሳቅሰዋል። በዓመታት ውስጥ ነጩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ማር፣ ማሩ ወደ ቡና ቀለም ይሄዳል። ይህ ቀለም ከውጭ አልተቀባም፤ ከውስጥ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መንገድ አለው። እርጥበት በሚጠራቀምበት፣ በአንገቱና ትምባሆ የሚሞላበት ራሱ ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት ሥር አካባቢ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ወደ ላይ እየሳሳ ይወጣል፤ ከንፈሩ አካባቢ ብዙ ጊዜ ነጣ እንዳለ ይቀራል። ጠርዙ ደብዛዛ ነው፤ አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ጣት አድርጋችሁ ማሳየት አትችሉም፤ ወይራ እንደታጠነ የእንስራ ሆድ።

አስመሳዩ ይህን አያውቅም፣ ወይም ቢያውቅም አይታገሥለትም። ፒፓውን ቀለም የተቀላቀለበት ሰም ውስጥ ይነክረዋል፤ ከከንፈር እስከ አንገት አንድ ወጥ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እጥፋቶቹ ውስጥ ቀለሙ ይረጋል፣ ጎላ ጎላ ያሉት ቦታዎች ላይ ይሳሳል፤ ልክ ሽሮ ድስት ጥግ እንደሚይዘው። እንዲህ ዓይነቱን ስታዩ መምጠጫውን ነቅላችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ውጪው ሠላሳ ዓመት የተጨሰበት መስሎ፣ የራሱ ጉድጓድ ጥቀርሻ የማያውቅ፣ የአንገቱም ቀዳዳ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ፣ ጭሱ በየት በኩል ገብቶ ነው ውጪውን ያጠቆረው? ሻጩን በትሕትና ጠይቁት። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሻይ ነው።

እስካሁን ስለ ፕላስቲክና ስለ ጀሶ ነበር። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ከባዱ ድንጋዩ እውነት ሆኖ ፒፓው ውሸት ሲሆን ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ሥራ መዲና ቪየና ነበረች። ድንጋዩ ከአናቶሊያ በጥሬው ይመጣል፤ የቪየና ጠራቢዎች ፈረስ፣ አዳኝ፣ እመቤት፣ የአበባ ጉንጉን አድርገው ያወጡታል። ሲጠረብ ደግሞ አብዛኛው ድንጋይ ወለል ላይ ይቀራል። ያ ሁሉ ነጭ ወርቅ ይጣል? አልተጣለም። ፍቅፋቂው ተፈጭቶ፣ ማያያዣ ተጨምሮበት፣ ተጨምቆ እንደገና ድንጋይ ተደረገ፤ በቪየናም፣ ጀርመን ውስጥ ባለችው በሩላም ብዙ ተሠርቶበታል። እንግዲህ ይህ ሜርሻውም ነው ወይስ አይደለም? ነው። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው? አይደለም። ሻጭ «ጄንዩን ሜርሻውም» ሲላችሁ አልዋሸም፤ ፍቅፋቂውም ጄንዩን ነው። መስማት ያለባችሁ «ብሎክ» የሚለውን ቃል ነው፤ ከአንድ ሙሉ ድንጋይ የተጠረበው ያ ነው። ዋጋውን የሚለየው ያቺ አንዲት ቃል ናት፤ አንዳንዱ ማሸጊያ ላይ መቅረቷም እንዲያው በስሕተት አይደለም።

የተጨመቀው ብዙውን ጊዜ ከሙሉው ከበድ ይላል፤ በአጉሊ መነፅር ሲያዩት እንደ ገንፎ አንድ ወጥ፣ አንዳንዴም ፍርፋሪ የሚመስል ነው። ጭሱን እንደ ሙሉው አይጠጣም፤ ቀለሙ በግድ ይመጣል፣ ሲመጣም ይዥጎረጎራል። ሙሉው ድንጋይ ግን ከመሬት የወጣ ነውና የመሬት ጠባይ አለው፤ ቀጭን ጅማት፣ ግራጫ ነጥብ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ጉድጓድ። አንድ ታላቅ ወንድሜ የምለው ሰው ቪየና ውስጥ ያገኘውን ድንቅ ፒፓ «ተጠግኗል» ብሎ ጥሎት መጣ፤ ከአንገቱ አጠገብ ምስር የምታክል ክብ ውታፍ አይቶበት ነው። ስነግረው እስከዛሬ ይናደዳል። የድሮ ጠራቢዎች ድንጋዩ ውስጥ ጉድጓድ ሲያጋጥማቸው ከዚያው ድንጋይ ቆርጠው ይወትፉት ነበር። የተጨመቀ ሊጥ ግን ውታፍ ምን ያደርግለታል? ያቺ ምስር የሙሉነቱ ምስክር ነበረች።

ስለ ዕድሜው ደግሞ ከድንጋዩ ይልቅ አብረውት ያሉት ይናገራሉ። የድሮዎቹ የቪየና ፒፓዎች መምጠጫ ብዙ ጊዜ አምበር ነው፣ የጥንት ዛፍ ሙጫ የደረቀው። ከአንገቱ ጋር የሚያያዘውም ጥርስ ያለው የአጥንት ብሎን ነው። በናይሎን መሰኪያ የሚገባ የፕላስቲክ መምጠጫ ካያችሁ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ የቅርብ ጊዜ መሆን ነውር የለውም፣ «የአያቴ ነበር» ካልተባለ በቀር። አምበርን የሚመስሉም አሉ። ሴሉሎይድ በ1870 ገደማ የመጣ ነው፤ በጨርቅ አጥብቃችሁ ስታሹት የካምፎር ሽታ ይሰጣል። ባክላይት ከ1907 ወዲህ ነው። ጨው እስኪበቃው ድረስ የጠጣ ውሃ ውስጥ አምበር ይንሳፈፋል፣ ባክላይት ይሰምጣል። መምጠጫውን ብቻ ነው የምታስገቡት! ፒፓውን ውሃ ውስጥ የነከረ ሰው ዳግመኛ እዚህ አዳራሽ አይግባ። የተጨሰበት ሜርሻውም ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ያ ሁሉ ዓመት የገባው ቀለምም ይበላሻል።

ታዲያ የ1850 ነው የተባለ ፒፓ ባክላይት ከያዘ ውሸት ነው? የግድ አይደለም። አምበር ይሰበራል፣ ሰው ይቀይረዋል። ዋጋው ግን መውረድ አለበት። አንገቱ ላይ የሚታሰረው የብር ቀለበትም እንዲሁ። ከኦስትሪያ የሆነ ብር ላይ የዲያና ራስ ያለበትን ምልክት ካገኛችሁ ከ1867 እስከ 1922 ባለው ጊዜ የተመታ ነው። ይህ የቀለበቱን ዕድሜ ይነግራችኋል፤ ቀለበት ግን ከአንድ አንገት ወደ ሌላ አንገት ይሄዳል። ከቀለበቱ ሥር ያለውን ድንጋይ እዩ፦ ቀለበቱ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ከነበረ ከሥሩ ያለው ቀለም ከዳሩ ይለያል። ማኅደሩንም አትናቁ። የድሮ ፒፓ ለራሱ ልክ በተሠራ የቆዳ ማኅደር ይቀመጥ ነበር፤ ውስጡ ከፋይ ወይም ሐር ነው፣ ክዳኑ ላይ የሠሪው ስም አለ። ፒፓውን አስገቡና ዝጉት። ከተንገዳገደ፣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ማኅደሩ የሌላ ሰው ነው፤ ስሙም የሌላ ፒፓ ስም ነው።

አንዳንዶች አንድሬሲ ስለሚባል የሃንጋሪ መስፍንና በ1723 የመጀመሪያውን የሜርሻውም ፒፓ ስለጠረበለት ኮቫክስ ስለተባለ ጫማ ሰፊ ይተርኩላችኋል። ጫማ ሰፊው እጁ ላይ የነበረው ሰም ፒፓውን ነክቶት ቀለሙ ሲያምር ነው አሉ ሰም መቀባት የተጀመረው። ደስ የሚል ተረት ነው፤ የታሪክ ሰዎች ግን አይቀበሉትም። እኔ የማውቀው ሻጭ ይህን ታሪክ መተረክ ከጀመረ ዋጋው ሊጨምር መሆኑን ነው።

አንድ የቀረኝ ካላባሹ ነው። ሰዎች «የሸርሎክ ሆምስ ፒፓ» የሚሉት ጎባጣው። ኮናን ዶይል በጻፋቸው ታሪኮች ውስጥ ሆምስ ካላባሽ ሲያጨስ አይገኝም፤ ያ ከመድረክና ከፊልም የመጣ ነው። ካላባሹ ቅል ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እያደገ ሳለ እያጎበጡ የሚያሳድጉት። ጋያ ያየ ኢትዮጵያዊ በቅል ማጨስ አያስገርመውም። በቅሉ አፍ ላይ የተቀመጠው ነጭ ጽዋ ነው ሜርሻውም መሆን ያለበት። ጽዋው ይነቀላል። ነቅላችሁ ገልብጡት፤ ላዩ ነጭ ሆኖ ሆዱ ጀሶ የሆነ ብዙ ነው፣ የተጨመቀም ብዙ ነው። ሰው ግን ቅሉን አድንቆ ጽዋውን ሳይነቅል ይከፍላል።

በቃ። ሣጥኑን እከፍታለሁ። አንደኛው ከሙሉ ድንጋይ የተጠረበ ነው፣ ሁለተኛው ከፍቅፋቂ የተጨመቀ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ከፊተኛው ረድፍ ጀምረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከራሱ ያዙት፣ በአንገቱ አታንሡት፤ እጁ ቅባት ያለበት በመሐረብ ይያዝ። መምጠጫውን ወደ ግራ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ፤ የአጥንቱ ብሎን በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። አጉሊ መነፅሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ተዋዋሱ። እማማ፣ እርስዎ ቢጀምሩልንስ? ይህኛውን በግራ እጅዎ፣ ያኛውን በቀኝ ይያዙት፤ መጀመሪያ ዓይንዎን ይጨፍኑና እጅዎ ምን እንዳለ ይንገሩን።